«እማዬ ከቤቴ አልወጣም ብላለች»

የቤት ነገር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተማክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ያረጀ ወላጅና ስለ ያረጀ ቤት ይጠይቃሉ። ዕድሜዬን ደሴና ኮምቦልቻ በፎርማንነት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የምመልሰው ከሲሚንቶና ከብረት አንፃር ነው። ሕክምናውን ለሐኪም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምንኖረው ደሴ፣ ጦሳ ሥር ነው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ቤቱ አባታችን የሠራው የጭቃ ቤት ነው። ሽንት ቤቱ ከግቢው በታች በኩል ስለሆነ በድንጋይ ደረጃ ይወረዳል። ባለፈው ክረምት ሌሊት ስትወርድ ወደቀች። ዳሌዋን መትቷት ለጥቂት ቀን አነከሰች፣ አሁን ትሄዳለች፣ ግን ፈርታለች። ሪያድ ያለው ወንድሜ «ደረጃውን አፍርሳችሁ ራምፕ አሠሩ፣ ቤቱንም ሴራሚክ አልብሱት፣ ብሩን እኔ እልካለሁ» ይላል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደግሞ «እኔ ጋ ትምጣ» ትላለች። እህቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እማዬ «ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብላ ቁጭ ብላለች። ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ምን ይሻለናል?
የመሀል ልጅ፣ ከደሴ

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣ የ78 ዓመት ሰው ከዚያ በኋላ የሚወርደው ለሐኪምና ለለቅሶ ብቻ ነው። እዚህ ጎረቤት አላቸው፣ ቡና አላቸው፣ ቅሬ (ዕድር) አላቸው። ጠዋት በራቸው ሳይከፈት ቢያረፍድ «ምነው ዛሬ?» ብሎ የሚያንኳኳ ሰው አለ። ይሄን ከሪያድ በሐዋላ የሚልክ የለም። ስለዚህ እሳቸውን ከማንቀሳቀስ ቤቱን እናስተካክለው።

ፎቶውን እንዳየሁ እያንዳንዱን ደረጃ በሜትር ለክተሽ እንድትልኪልኝ ጠይቄሽ ነበር፣ ልከሻል፣ ተባረኪ። ከላይ ወደ ታች 16፣ 17፣ 16፣ 18፣ የመጨረሻዋ 24 ሳንቲ ሜትር። እናትሽ የቱ ላይ እንደወደቁ ሳትነግሪኝ አወቅኩት። እግር ደረጃ ሲወርድ ዓይንን አይጠብቅም። ሁለት ሦስቱን ከረገጠ ልኩን ይይዛል፣ ቀሪውን በልምድ ይወርዳል። አራቱ ተመሳሳይ ሆነው አምስተኛዋ ድንገት 6 ሳንቲ ሜትር ስትጨምርበት፣ መሬት አለ ብሎ እግሩን በጣለበት መሬት የለም። ወጣት ቢሆን ተንገዳግዶ ይስቃል። ጥሩ አናጢና ግንበኛ በደረጃዎች መካከል የአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት እንኳ የማይወደው ለዚህ ነው። በእናንተ በኩል ያሉ ግቢዎች ላይ ደግሞ ታችኛዋ ደረጃ ሁልጊዜም ትረዝማለች። ክረምት ጎርፉ ከሥሯ አፈሩን ይጠርገዋል፣ መሬቱ ዝቅ ይላል፣ ደረጃዋ እዚያው ትቀራለች። ማንም ልብ አይለውም፤ በየዓመቱ የሚሄደው ትንሽ ትንሽ ነውና።

አሁን ወደ ራምፑ፣ ደረጃ ወደሌለው ተዳፋት መንገድ። ወንድምሽ በክፉ አላሰበውም። ሜዳ ላይ ራምፕ ግሩም ነገር ነው። ግን ሂሳብ አለው፦ ለእያንዳንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። የእናንተ አምስት ደረጃ ሲደመር 91 ሳንቲ ሜትር ነው። በ12 ሲባዛ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል። ከደጃፋችሁ እስከ አጥር ያለው 6 ሜትር ነው ብለሻል። በ6 ሜትር ውስጥ አስገድደን ብናስገባው ቁልቁለቱ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል፣ ያን ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ሲያርፍበት መንሸራተቻ ነው። እያጠማዘዙ መሥራት ይቻላል፣ ግን ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ይሆናል፤ የእናትሽ ጎመንና ጤና አዳምም አብረው ይቀበራሉ። ሌላም ነገር አለ። ራምፕ በዋናነት ለተሽከርካሪ ወንበር ነው። በእግራቸው ለሚሄዱ፣ በተለይ ጉልበት ለሚያማቸው አዛውንት፣ ቁልቁለት ሁልጊዜ ከደረጃ አይቀልም። ቁርጭምጭሚትን ያጥፋል፣ ሰውነትን ወደ ፊት ይስባል። እናትሽ የሚሄዱ ሰው ናቸው። የሚያስፈልጋቸው ደህና ደረጃ ነው።

እንዲህ አሠሩት። 91ን ለስድስት ስናካፍለው እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትርና ትንሽ ይሆናል። ስድስት እኩል ደረጃ። መርገጫው ከ30 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ እግራቸው ሙሉ በሙሉ ማረፍ አለበት። ወርዱን 1 ሜትር ከ20 አድርጉት፣ አንቺ እጃቸውን ይዘሽ ጎን ለጎን እንድትወርጂ። የታችኛዋን መሠረት ግን ቆፍራችሁ በኮንክሪት አስሯት፤ አለበለዚያ ከጥቂት ክረምት በኋላ ጎርፉ እዚያው 24 ላይ ይመልሳችኋል። ጎርፉ ራሱ በጎን በኩል ቦይ ይሠራለት፣ በደረጃው ላይ አይውረድ። መርገጫዎቹ ወደ ፊት ትንሽ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ዘንበል ይበሉ፣ ውሃ እንዳይቋጥሩ።

የላዩን ነገር ለግንበኛው ስትነግሪው ጠንከር ብለሽ ንገሪው። የእኛ ሰው ሲሚንቶ ካልተወለወለ ሥራ የተሠራ አይመስለውም። ሊሾ አድርጎ አለስልሶ ያስረክብሻል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ሰው ይወድቅበታል። ሲሚንቶው ጠጠር ሳይል፣ ሊደርቅ ሲል፣ ጠንካራ የግቢ መጥረጊያ ወስዶ በአግድም አንድ ጊዜ ይጎትትበት። የመጥረጊያው ጭረት እዚያው ይደርቃል፣ ጫማ ይይዛል። ወጪው ዜሮ ነው። ጫፍ ጫፋቸውን በቢጫ ቀለም ቀቡ፣ ወርዱ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል። ግራጫ ሲሚንቶ ላይ ግራጫ ጠርዝ ላረጀ ዓይን አይታይም፣ ደሴ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ለእኔም አይታየኝም።

መያዣው በሁለቱም በኩል ይሁን። ግንበኞች «አንዱ ይበቃል» ይላሉ። አንዱ የሚበቃው ለመውረድ ወይም ለመውጣት ነው፣ ለሁለቱም አይደለም፤ ደህናው እጅ ሲመለሱ በሌላኛው በኩል ነው። ክብ ብረት ይሁን፣ ውፍረቱ እጃቸው የሚጨብጠው፣ ከ3.5 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር። ካሬ ቱቦላሬ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ስላለ ብቻ እሱን አትቀበሉ፣ ጣት አይጨብጠውም። ከፍታውን በሰው ልክ አውጡት፦ እናትሽ የዘወትር ጫማቸውን አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ክንዳቸውን ይልቀቁ፣ ከመሬት እስከ እጃቸው አንጓ ድረስ ለኪ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጊው። ለአብዛኛው ሰው ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ከመጨረሻው ደረጃ አልፎ 30 ሳንቲ ሜትር ይቀጥል። ሰው የሚወድቀው «አለቀ» ብሎ እጁን ሲለቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳይደረግ የሚቀር ስለሆነ። የደሴ ንጋት ላይ ብረት በረዶ ነው። አዛውንት አንዴ ነክተው እጃቸውን ከሰበሰቡ ሁለተኛ አይዙትም፤ ከነጠላቸው ሥር እጃቸውን ከተው ይወርዳሉ። ስለዚህ ብረቱን የውሃ ጎማ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ አልብሱት፣ ወይም ላዩን እንጨት ይሁን። ኮምቦልቻ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ከሰዓት ፀሐይ የመታው ብረት ያቃጥላል። መድኃኒቱ አንድ ነው።

ወደ ውስጥ እንግባ። ሴራሚኩን እርሺው። ይሄን ስጽፍ የሚቀየሙኝ ነጋዴዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ መጀመሪያ የሚልከው የሴራሚክ ብር ነው፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ፣ ላዩ ላይ ለበዓል ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ እናት በነጠላ ጫማ ቡና ይዘው ሲያልፉ ማየት አልችልም። ያለው የሲሚንቶ ወለል ይጠገን፣ የተሰነጠቀው ይሞላ፣ ጠርዙ የተገለበጠው የፕላስቲክ ምንጣፍ ይነሳ። ወንድምሽ የግድ ሴራሚክ ካለ፣ ሸካራውንና የማያብለጨልጨውን፣ ለሽንት ቤት ብቻ። ሲገዛ ላዩ ላይ ውሃ አፍስሰሽ በጫማሽ እሺው፤ ሻጩ ይስቃል፣ ይሳቅ።

የወንድምሽ ብር የሚያምርበት ቦታ ሌላ ነው፦ ሽንት ቤቱን ወደ ላይ ማምጣት። ከመኝታ ክፍሉ ጋር በተያያዘ፣ ከቤቱ ጀርባ፣ በብሎኬት 1.5 ሜትር በ2 ሜትር የሆነች ክፍል ትበቃለች። ቧንቧው በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፣ እናንተ ግቢ ቁልቁለት ስለሆነ ይሄ ቀላል ነው። ዳገት አንዳንዴ ይጠቅማል። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ውስጥ የወደቀ ሰው በሩን በሰውነቱ ከደገፈው ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አይከፈትም፣ ሰው እየሰሙ መርዳት አለመቻል ከባድ ነው። መቀርቀሪያውም ከውጭ በሳንቲም የሚዞር ዓይነት ይሁን። መቀመጫው ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከመቆፈራችሁ በፊት ግን ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ በተለይ ጉድጓዱ ወደ ጎረቤት አጥር የሚጠጋ ከሆነ። ጎረቤት ለእናትሽ ከሽንት ቤቱ ይበልጣል።

ይሄ ሁሉ እስኪሠራ የሚደረግ ነገር አለ፣ ዛሬ ማታ። አንዲት ሌሊት እናትሽ ሲነሱ ተከተያቸው። ምን እንደሚይዙ፣ የት እንደሚቆሙ፣ መብራቱን ከየት እንደሚያበሩ እዪ። ከአልጋ ተነስተው ማብሪያው በሩ አጠገብ ከሆነ፣ ያ ማለት ክፍሉን በጨለማ እያቋረጡ ነው። ከአልጋቸው ሳይነሱ የሚበራ መብራት ያስፈልጋቸዋል፣ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ፣ ቻርጅ የሚደረገው ዓይነት። በ60 ዓመት ላይ ያለ ዓይን ከ20 ዓመት ወጣት ጋር ሲወዳደር ሦስት እጥፍ ያህል ብርሃን ይፈልጋል። አልጋው ላይ ቁጭ ሲሉ እግራቸው መሬት ይንካ፣ ጉልበታቸው 90 ዲግሪ ይሁን። ከተነሱም በኋላ ዘለው አይቁሙ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቆዩ፤ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይሄ ዋና ነገር ነው። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ማታ የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱ መቀየር ይችል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ። ነጠላ ጫማውን ደብቂው፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ግዢ። ለሌሊት ደግሞ ፖፖ። «እኔ ፖፖ ይዤ?» ይላሉ፤ እንደሚሉ አውቃለሁ። ክዳን ያለው ይሁን፣ ማለዳ አንቺ ቀድመሽ አውጪው፣ ማንም ሳያይ። ከሳምንት በኋላ እሳቸው ራሳቸው ይጠይቁሻል።

ለወደፊቱም አንድ ነገር፦ አምላክ አያድርገውና ዳግም ወድቀው ዳሌያቸውን ካመማቸው፣ መቆም ካቃታቸው፣ ወይም አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ወጌሻ አይንካቸው። ቀጥታ ሆስፒታል፣ ራጅ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ራሴ ነኝ አሮጌው። 74 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ፒያሳ አካባቢ የቀበሌ ቤት ውስጥ ከባለቤቴ ጋር እንኖራለን። ጉልበቴ እምቢ ብሏል። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ለመነሳት ግድግዳውን ስይዝ ልስኑ እየተፈረፈረ እጄ ላይ ይቀራል። ልጄ የብረት መያዣ ገዝቶ በፊሸር አሰረልኝ፣ ሳምንት ሳይሞላው ከነጭቃው ወደቀ። የቀበሌ ቤት ስለሆነ ማፍረስም መገንባትም አልችልም። ምን ይበጀኛል?
ከደሴ

መልስ፦ መምህር፣ ልጅዎ መያዣውን በመግዛቱ ደግ አድርጓል፣ ያሰረበት ቦታ ነው ጉዳዩ። ጭቃ ፊሸርን፣ ብሎን የሚገባበትን ያን የላስቲክ መሰኪያ፣ አይይዝም። ፊሸር የሚሠራው ጠንካራ ነገር ውስጥ ገብቶ ሲሰፋና ሲጨናነቅ ነው፣ ጭቃና ጭድ ውስጥ ሲሰፋ ቀዳዳውን ያሰፋል እንጂ ሌላ የሚይዘው የለም። የሰው ክብደት ደግሞ ቀስ ብሎ አይመጣም፣ ሊወድቅ ያለ ሰው በሙሉ ኃይሉ ነው የሚስበው። ስለዚህ እርስዎ ሳይንጠለጠሉበት መውደቁ ጥሩ ሆነ።

የጭቃ ግድግዳ ውስጥ የሚይዝ ነገር ቋሚው እንጨት ነው። ግድግዳውን በጣትዎ አንጓ እያንኳኩ ይሂዱ። ድምፁ የሚቀየርበት፣ ደረቅ የሚልበት ቦታ ቋሚው አለ። በቀጭን ሚስማር ወጋ አድርገው ያረጋግጡ፦ ጭቃ ከሆነ ዘው ይላል፣ እንጨት ከሆነ ይይዛል። ምስጥ የበላው ከሆነም ዘው ይላል፣ ያንንም ማወቅ ጥሩ ነው። ደህና ሁለት ቋሚ ካገኙ ከአንዱ ወደ ሌላው ጠንካራ ጣውላ በረጅም ብሎን ይታሰር፣ መያዣው ጣውላው ላይ ይታሰር። ጣውላው ተነቃይ ነው፤ ቤት የማፍረስ ጉዳይ አይሆንም።

ቋሚው ካልተመቸዎት ግድግዳውን ጨርሰው ይርሱት። ከሽንት ቤቱ ጎን፣ በደህናው እጅዎ በኩል፣ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ይቁም። ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ቧንቧው ገብቶ፣ ኮንክሪት ይሞላበት፤ ጫፉም ጣሪያው ማገር ላይ ይታሰር። ይህን የቀበሌው ሰው ቢያየው የሚከፋው አይመስለኝም፣ ግን በጽሑፍ ማመልከቻ አስገብተው የደረሰበትን ኮፒ ይያዙ። እርስዎ መምህር ነዎት፣ ማመልከቻ መጻፍ እኔ አላስተምርዎትም።

ከሁሉም በፊት ግን መቀመጥ አለብዎት። በ74 ዓመት፣ በታመመ ጉልበት፣ ቁጢጥ ማለት ቅጣት ነው። የላስቲክ ወንበር መሀሉን ቀዳዳ አውጥቶ የሚያስቀምጥ ሰው አያለሁ፤ አይደረግም። የተቆረጠ ላስቲክ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እግሮቹ ይበረገዳሉ። ብየዳ ቤት ሄደው በቱቦላሬ አራት እግር ያለው ፍሬም ያሠሩ፤ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር፣ ግራና ቀኙ የክንድ መደገፊያ ያለው፣ እግሮቹ ጎማ የለበሱ። ላዩ ላይ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው የሽንት ቤት መቀመጫ ቀለበት በብሎን ይታሰር። ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት፣ ባለቤትዎ ሲገቡ ካልፈለጉት ወደ ጎን ይደረጋል። መደገፊያ ካለው ምናልባት የግድግዳው መያዣ ራሱ አያስፈልግዎትም።

ለብሎኬት ቤት ነዋሪዎችም ላንሳው፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ፊሸሩ ባዶ ውስጥ ነው የሚንጠለጠለው። ወይ ግድግዳውን በስቶ ከወዲያኛው በኩል ላሜራ ደርቦ በረጅም ብሎን ማሰር፣ ወይ ቀዳዳውን ከፍቶ በኮንክሪት ሞልቶ ሲደርቅ እዚያ ላይ መብሳት ነው። በሌላ መንገድ የታሰረ መያዣ ለፎጣ መስቀያ ይሁን።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። አባቴ 80 አልፎታል፣ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነው። ለሱብሂ ውዱእ ሲያደርግ ግን ልቤ ይቆማል። ቤታችን ውስጥ ሲንክ አለ፣ እግሩን አንስቶ ሲንኩ ውስጥ ያስገባል፣ በአንድ እግሩ እየተወዛወዘ። ተው ብለው ይቆጣል። ምን ልሥራለት?
ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም። ሲንኩን ራሱንም እዪው፣ ግድግዳው ላይ በሁለት ብሎን ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ የአባትሽ ክብደት ሲያርፍበት ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ።

«ተው» ማለት አይሠራም። የተሻለ ቦታ ሥሪላቸውና ራሳቸው ይተዉታል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ወይም በረንዳው ጥግ ላይ የሲሚንቶ መቀመጫ ይገንባ፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር፣ ጀርባው ግድግዳ ላይ የሚደገፍ። ከፊት ለፊቱ ቧንቧው ቁጭ ባለ ሰው እጅ ልክ፣ ከወለሉ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ይምጣ። የቧንቧው እጀታ በአንድ ጣት የሚገፋው ረጅሙ ዓይነት ይሁን፣ ክቡን እርጥብ የአዛውንት እጅ አያዞረውም። እግር የሚያርፍበት ዝቅ ያለ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ጉብታ፣ ከሥሩ የውሃ መውረጃ። በቀኝ በኩል ለመነሳት የሚይዙት ብረት። ውሃው ወደ መውረጃው ብቻ እንዲሄድ ወለሉ ዘንበል ይበል፤ ውዱእ አድርገው ሲነሱ የሚረግጡት ቦታ ደረቅ መሆን አለበት። እዚያ ላይ ከሥሩ ጎማ ያለው ምንጣፍ አንጥፊ፣ ጨርቅ አይሆንም።

ውሃ በፈረቃ ከሆነ የሚመጣላችሁ፣ ትንሽ የላስቲክ በርሜል ከፍ ካለ ቦታ ላይ አድርጋችሁ ከሥሯ ቧንቧ አውጡላት። ማታ በፔርሙዝ የሞቀ ውሃ አስቀምጪላቸው። የደሴ የሱብሂ ውሃ አጥንት ይሰብራል፤ ሰው ሲቸኩል የሚንሸራተተው አንዱ ለዚያ ነው።

ስለ ስግደቱ አልጠየቅሽኝም፣ ግን መሬት ወርደው መነሳቱ የሚያስቸግራቸው ከሆነ መቆም ያቃተው ተቀምጦ መስገድ እንደሚችል አባትሽ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የማይንቀሳቀስ፣ ክንድ የሌለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር ስጋጃቸው አጠገብ አስቀምጪ። አትናገሪ። አስቀምጪው ብቻ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እየሠራሁ ነው። ብሎኬቱ ሊጀመር ነው። አባቴ ስትሮክ መትቶት በዊልቸር ነው የሚሄደው፣ ከደሴ ብርዱን ሸሽቶ እኔ ጋ ሊገባ ነው። ግንበኛው «የግል ቤት ነው፣ ራምፕ ምን ያደርጋል፣ በኋላ ይታሰባል» ይለኛል። ምን ምን ልለውጥ?

መልስ፦ እንኳን አሁን ጠየቅከኝ። ከብሎኬቱ በኋላ ብትጠይቀኝ መልሱ እጥፍ ብር ነበር።

ግንበኛህ በሕጉ በኩል ተሳስቷል አልልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ የአካል ጉዳተኛ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ያስገድድ የነበረው የሕዝብ መገልገያ ሕንፃን ነው። አባትህ ግን የሚኖሩት አዋጁ ውስጥ አይደለም።

መኝታቸው ምድር ላይ ይሁን፣ እንግዳ መቀበያውን ብታጠበውም። በሮቹን 90 ሳንቲ ሜትር አድርጋቸው፤ በ90 በር ከነፍሬሙ ዊልቸር የሚያልፍበት ክፍት 80 ገደማ ይቀራል፣ ከዚያ በታች የአባትህ ጣት በበሩ መቃንና በጎማው መሀል ይገባል። መኝታ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ዊልቸሩ የሚዞርበት 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ባዶ ቦታ ይቅር። በሮች ላይ ደፍ አይኑር። ሻወሩ ከወለሉ እኩል ይሁን፣ ገንዳ የለ፣ ጠርዝ የለ፣ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ዝቅ ያለ ወለል ብቻ። በሽንት ቤቱ መቀመጫና በሻወሩ ዙሪያ ያለው ብሎኬት ከወለል እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ሲደረደር ውስጡ ኮንክሪት ይሞላ። ዛሬ የጥቂት ባልዲ ጉዳይ ነው። መያዣው በኋላ የትም ቢታሰር ይይዛል። ማብሪያዎች በ1 ሜትር፣ ሶኬቶች በግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ።

ራምፕ ለአንተ ይሆናል፣ ቦታህ ሜዳ ከሆነ። የቤቱ ወለል ከግቢው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል 3 ሜትር ከ60 ራምፕ ነው፣ ላዩ ላይ በሩ ፊት ዊልቸሩ የሚቆምበት ጠፍጣፋ ቦታ ጨምር። ኤሌክትሪሻኑና የቧንቧ ሠራተኛው ከመምጣታቸው በፊት ይሄን ሁሉ ፕላኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። በቃል የተነገረ ነገር ግንበኛው ምሳ በልቶ እስኪመለስ ይረሳል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው የምትወርደው። አባትህ ሙቀቱን ገና አያውቁትም። ምዕራብ የሚያይ መስኮት አትስጣቸው። ጥላ ያለው፣ መንገደኛ የሚታይበት በረንዳ ስጣቸው፣ ዊልቸሩ የሚወጣበት። ከክፍሉ ይልቅ እዚያ ነው የሚውሉት።

ጥያቄ፦ እናቴ ብርድ አትችልም። ማታ ከሰል አቀጣጥለን መኝታ ቤቷ እናስገባና በሩ ይዘጋል። መስኮቱን በቅርቡ በአሉሚኒየም ቀይረነዋል። ምን ያህል ከፍቼ ልተወው?
ከደሴ

መልስ፦ ከሰሉን አታስገቡት። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው አይሰማውም። «ድሮም እናስገባ ነበር» እንዳትሉኝ፤ የድሮው የእንጨት መስኮት በየስንጥቁ ያስተነፍስ ነበር፣ የአሁኑ አሉሚኒየም ድርግም ነው። ማታ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ማንደጃው ከነፍሙ ደጅ ይውጣ። ለአልጋቸው የሞቀ ውሃ የሚሞላበት ላስቲክ አለ፣ ፋርማሲ ይሸጣል፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከመተኛታቸው በፊት እግራቸው በኩል አስገቡት። ጣሪያው ኮርኒስ ከሌለው የቆርቆሮውን ብርድ የሚያቆመው ኮርኒስ ነው፣ በሚቀጥለው ደመወዝ እሱን አሠሩ።